«የክንድ ደጋፊ» ሲባል የትኛው ነው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች «የክንድ ደጋፊ» ተብሎ የሚጠየቀው ዕቃ አንድ ዓይነት ብቻ ባለመሆኑ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን በውል ያላወቀ ገዢ ለትከሻው የሚያስፈልገውን ትቶ የእጅ አንጓ መደገፊያ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ማንጠልጠያ የሚባለው የክንዱን ክብደት ወደ አንገትና ወደ ሌላው ትከሻ የሚያሸጋግር ጨርቅ ሲሆን፣ ወልቆ ወደ ቦታው ለተመለሰ ትከሻ ወይም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በሚሄደው አጥንት ላይ ለደረሰ ስብራት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እሱ ነው። ክርኑ በ90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ መዳፉ ከክርኑ ጥቂት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጨርቁ አጥሮ እጁ ከአንጓው ላይ ከተንጠለጠለ ልኩ አይደለም። ከወረኢሉ ገጠር ተነሥቶ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ ነጠላውን በሦስት ማዕዘን አጥፎ ያንጠለጠለ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ከፋብሪካው ዕቃ ብዙም አልጎደለበትም።

ስፕሊንት ግን ጠንካራ ድጋፍ ያለውና መገጣጠሚያው እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ነው። ወጌሻ በቀርከሃ የሚያስረውም በሐሳቡ ይኸው ሲሆን፣ አደጋው ጥብቀቱ ላይ ነው፤ ያበጠ ክንድ በጠበቀ ማሰሪያ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ ከበረታ፣ ማሰሪያው በየትኛውም ባለሙያ የታሰረ ቢሆን ወዲያው ላልቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።