ኢንክሎዠር ምንድን ነው? የእንግሊዝ ገጠር መልክ ከየት መጣ

በመካከለኛው እንግሊዝ በባቡር የሚያልፍ ሰው በመስኮት የሚያየው አረንጓዴ ማሳ ነው፤ በቁጥቋጦ አጥር እየተሸነሸነ፣ በጎች ተሰማርተውበት፣ ከወዲያ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቅ ብሎ። እንግሊዞች አገራችን ሲሉ የሚታያቸው ይህ ነው፤ ከጥንት እንዲሁ የነበረ የሚመስላቸውም ጥቂት አይደሉም። የዚህ መልክ ትልቁ ድርሻ ግን የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓርላማ ሥራ ነው። ስሙ ኢንክሎዠር ይባላል፤ በጋራ ይታረስና ይጋጥ የነበረን መሬት አጥሮ ለየግል ማከፋፈል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት አንድ መንደር ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩት። እያንዳንዱ ገበሬ በየእርሻው የተበታተኑ ቀጫጭን ቁራጮች ያርሳል፤ በመካከላቸው አጥር የለም፤ አንዱ እርሻ በየተራ እዳሪ ይሆናል። ከእርሻው ወዲያ ላም የሚሰማራበት፣ ማገዶ የሚለቀምበት የወል መሬት አለ። ምንም ማሳ የሌለው ድሃ እንኳን በዚህ አንዲት ላም ወይም ጥቂት ዝይ ያረባል፤ በመኸር ማግስት ደግሞ ይቃርማል። ይሁን እንጂ የወል መሬቱ በሕግ የባላባቱ ነበር፤ መንደርተኛው የነበረው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

አጥሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ፣ ሱፍ ጥሩ ገንዘብ ሲያወጣና ባለመሬቶች ለበግ ግጦሽ መሬት ሲፈልጉ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1549 በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ገበሬዎች አጥር ለማፍረስ ተነሡ። ሮበርት ኬት የተባለ ባለመሬት አጥሩን ሊያፈርሱበት ሲመጡ ቅሬታቸውን ሰምቶ አብሯቸው የራሱን አጥር አፈረሰ፤ መሪያቸውም ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኖሪች ግንብ ላይ ተሰቀለ።

ከ1750ዎቹ ወዲህ ግን መሬት በዋናነት የሚታጠረው በፓርላማ ሕግ ሆነ። ከ1604 እስከ 1914 ከ5,200 በላይ አዋጆች ወጥተው የእንግሊዝን መሬት አንድ አምስተኛ ያህል ነክተዋል። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦ ባለመሬቶች ለፓርላማ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፋል። ስምምነት የሚለካው በመሬት መጠንና ዋጋ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለምና ሁለት ሦስት ባለጸጎች መንደሩን ሁሉ ሊያሸንፉ ይችላሉ። ከዚያ ኮሚሽነሮችና ቀያሽ ይመጣሉ፤ ካርታ ይነሣል፤ አዳዲስ መንገዶች እንደ ክር ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ። ድርሻ የደረሰው ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በራሱ ወጪ ማጠር አለበት። መሬት ባነሰ ቁጥር ለአንድ ሄክታር የሚወጣው የአጥር ወጪ ይበዛልና ትንንሾቹ ሸጠው ወጡ። በልማድ እንጂ በሰነድ መብት ያልነበረው ደግሞ ባዶ እጁን ቀረ።

ባለቅኔው ጆን ክሌር የአንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር። የተወለደባት ሄልፕስተን እንድትታጠር በ1809 ሲታወጅ ገና የ16 ዓመት ወጣት ነው፤ የተቆረጡትን ዛፎችና የተዘጉትን መንገዶች በየግጥሙ እየቆጠረ አልቅሷል።

ምርት አድጓል የሚሉት ተከራካሪዎች ሐሰት አይናገሩም፤ ከብት ማዳቀልም ሆነ ውኃ ማንጣፈፍ በታጠረ መሬት ይቀላል። ትርፉ ለማን፣ ዕዳው በማን ላይ የሚለውን ግን በአብዛኛው ቸኩለው ያልፉታል። ሁሉም አጥር የዚህ ዘመን ልጅ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፦ በዴቨንና በኬንት ያሉት ብዙዎቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለትራክተር ሲባል ብዙ አጥር ተነቀለና የገጠሩ መልክ ጠፋ ተብሎ ጩኸት ተነሣ፤ ከ1997 ወዲህ አብዛኛውን የገጠር ቁጥቋጦ አጥር ያለ ፈቃድ መንቀል በሕግ ያስጠይቃል።

የድሮውን ሥርዓት በዓይኑ ማየት የሚሻ በኖቲንግሃምሻየር ወደምትገኘው ላክስተን ይሂድ። ሦስቱ ክፍት እርሻዎች ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ በየዓመቱ ከገበሬዎቹ መካከል የሚመረጡ ዳኞች ማሳውን ዞረው ያያሉ፤ ወሰን አልፎ ያረሰውንም ይቀጣሉ።