የሙልታን ሰማያዊ መቃብሮች

ሙልታን በፓኪስታን ደቡብ ፑንጃብ፣ ከቼናብ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። «የአውሊያዎች ከተማ» ይሏታል። አንድ የቆየ የፋርስኛ አባባል ግን የሙልታን ስጦታዎች አራት ናቸው ይላል፦ አቧራ፣ ሙቀት፣ ለማኝና መቃብር። ሽሙጥ ነው። ይሁንና ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለአራተኛው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሼህ ባሃኡዲን ዘከሪያ ነው። ባግዳድ ተምረው ሱህራዋርዲያ የሚባለውን የሱፊ መንገድ (ጠሪቃ) እዚህ ተከሉ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1262 ነው። መቃብራቸው ከአሮጌው ምሽግ ኮረብታ ላይ ነው። እንግሊዞች ምሽጉን በ1848 ሲከብቡ ክፉኛ ተጎዳ፤ በኋላ ተጠገነ።

እዚያው ኮረብታ ላይ የልጅ ልጃቸው የሻህ ሩክነ አለም መቃብር አለ። ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን አንዱን ይይ። የተሠራው በ1320ዎቹ መጀመሪያ በዴልሂው ሱልጣን በጊያሱዲን ቱግሉክ ነው። ሱልጣኑ ለራሱ ያሠራው ነበር፣ ልጁ ነው ለሼሁ የሰጠው እየተባለ ይነገራል። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። ከፍታው 35 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከላይ ትልቅ ነጭ ጉልላት ተቀምጦበታል። ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው፤ በየመሃሉ የሺሻም እንጨት አግዳሚ ገብቶበታል። በጡቡ መካከል የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ በመስመርና በጌጥ ተሰክቷል። ቀለሙ ሦስት ነው፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊና ነጭ። የመጀመሪያው ከኮባልት፣ ሁለተኛው ከመዳብ ይገኛል። እዚያው ሙልታን ያለው የሌላው ወሊ፣ የሻህ ዩሱፍ ጋርዴዚ መቃብር ግን ጉልላት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች በሴራሚክ ተሸፍኗል። ያምራል፣ ግን ለእኔ በዛ። ሩክነ አለም ላይ ቀዩ ጡብ ሰማያዊውን ያጎላዋል።

ሴራሚክ መሥራቱ እዚያ «ካሺ» ይባላል። በ1970ዎቹ የሩክነ አለም መቃብር ሲታደስ የአካባቢው ባለሙያዎች በዚሁ ሥራ ሠለጠኑ። እድሳቱም በ1983 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ።

ድሬ ሼህ ሁሴንን የዘየረ ሰው ሥርዓቱ ብዙ አይከብደውም፤ የባሌው በኖራ የነጣ መሆኑ ነው ዋናው ልዩነት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ዘያሪው ፋቲሃ ይቀራል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ይበትናል፣ መቃብሩ ላይ ጨርቅ ያለብሳል። ቱሪስትም ቢሆኑ ሰው ዱዓ ላይ እያለ ካሜራ ፊቱ ላይ መደቀን ነውር ነው። የመታሰቢያው በዓል ኡርስ በሂጅራ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ያን ጊዜ ግቢው ጢም ይላል፤ ጌጡን ረጋ ብሎ ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ። በጋው አናት ይበሳል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል።

ጊዜ የተረፈው ወደ ኡች ሸሪፍ ከተማ ይለፍ። እዚያ ያለው የሴቲቱ ወሊ የቢቢ ጃዊንዲ መቃብር በ1494 የተሠራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎርፍ ግማሹን ስለወሰደው፣ ሌላ ቦታ የተሸፈነው የግድግዳው ውስጥ እዚህ ይታያል። ከሙልታን ማለዳ የወጣ ማታ ይመለሳል።