ሽፓርፕራይስ ምንድን ነው?

ከፍራንክፈርት ወደ በርሊን የሚሄድ መንገደኛ በጀርመን የባቡር ድርጅት በዶይቸ ባን ድረ ገጽ ላይ ቀንና ሰዓት አስገብቶ ሲፈልግ፣ ለአንድ ባቡርና ለአንድ ማዕረግ ሱፐር ሽፓርፕራይስ፣ ሽፓርፕራይስና ፍሌክስፕራይስ የሚባሉ የተለያዩ ዋጋዎች ይቀርቡለታል። ባቡሩ የሚነሳበትም የሚደርስበትም ሰዓት አንድ ስለሆነ፣ የሚለያየው ትኬቱ የሚሰጠው መብት ነው።

ሽፓርፕራይስ ለእያንዳንዱ ባቡር በኮታ የሚመደብ የቅናሽ ትኬት ሲሆን፣ ርካሹ ድርሻ ተሸጦ ሲያልቅ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አርብ ከሰዓት በኋላና በበዓል ዋዜማ የሚነሱ ባቡሮች ቶሎ የሚወደዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ትኬቱ የሚያገለግለው በላዩ ላይ በተጻፈው የረጅም ርቀት ባቡር ብቻ በመሆኑ፣ አርፍዶ የደረሰ ሰው በተከታዩ ባቡር ልሳፈር ቢል አይፈቀድለትም፤ ፍሌክስፕራይስ የያዘ ግን በዕለቱ በፈለገው ባቡር ይሄዳል። ሱፐር ሽፓርፕራይስ ደግሞ ከተገዛ በኋላ ሊሰረዝ አይችልም።

መዘግየቱ የባቡሩ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። መንገደኛው መድረሻው ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ በተጻፈው ባቡር ብቻ የመሄድ ግዴታው ይነሳለትና በሌላ ባቡር መቀጠል ይችላል፤ መዘግየቱ 60 ደቂቃ ከሞላ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሞላ 50 በመቶ ካሳ ይጠይቃል። ይህ መብት ግን የሚታሰበው በአንድ ትኬት ለተያዘ ጉዞ ነው። ከካስል ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ፓሪስ እያለ ለየብቻ የገዛ ሰው፣ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ያን ያህል ዋስትና የለውም። ለብቻው በተገዛ የአውሮፕላን ትኬት የሚመጣም እንዲሁ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በርሮ ፍራንክፈርት ላይ ባቡር ለሚይዝ ሰው፣ ሻንጣ ጥበቃውም ታክሎበት፣ ፍሌክስፕራይስ ቢወደድም ይሻላል ባይ ነኝ።

በጀርመን ሁለተኛ ማዕረግ ትኬት መግዛት መቀመጫ መያዝ ማለት አይደለም፤ መቀመጫ ተጨማሪ ይከፈልበታል። በፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር በቴዤቬ ግን መቀመጫው ከትኬቱ ጋር አብሮ ይሰጣል።

የዶይቸ ባን ድረ ገጽ የብዙ የአውሮፓ አገሮችን የጊዜ ሰሌዳ ቢያሳይም፣ ለሁሉም ጉዞ ዋጋ አያወጣም። ሰዓቱ ታይቶ ዋጋው ሲጠፋ፣ ትኬቱ የሚፈለገው ከዚያው አገር የባቡር ድርጅት፣ ለምሳሌ ከጣሊያኑ ትሬኒታሊያ ነው።