«ላብ ላይ ነው፣ ውሃ አታጠጣው!» እና ሌሎች የፈረሰኛ ወሬዎች

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ፈረስ አላውቅም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም ጋሪ ላይ ተሳፍሮ ነው ያደገው፤ ስለዚህ ሁሉም መካሪ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሦስት ወጣቶችን አስከትዬ በፈረስ በጥቁር ውሃ በኩል ስወጣ፣ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ምክሩን ይወረውራል። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ሲሰማማ ደግሞ ይብስበታል። «ዶክተር፣ እናንተ የምታውቁት መጽሐፉን ነው» ይለኛል። መጽሐፉንም ፈረሱንም አውቃለሁ፤ እስኪ እንነጋገር።

የምንለማመደው ስፖርት የረጅም ርቀት ግልቢያ ይባላል። ጀማሪ 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የበረታ በአንድ ቀን እስከ 160 ይደርሳል። መንገዱ ተከፋፍሎ በየመሀሉ ማረፊያ አለው፣ እዚያም ሐኪም ይጠብቃል። የልብ ምቱን ይቆጥራል፣ ድዱን ተጭኖ ደሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ያያል፣ የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣል፣ በሶምሶማ አስኪዶ አለማነከሱን ያጣራል። ያላለፈ ፈረስ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

«ቀድሞ የገባ አሸነፈ» የሚሉኝ ተራ የፈረስ እሽቅድምድም እያሰቡ ነው። እዚህ ቀድሞ ገብቶ የመጨረሻውን ምርመራ የወደቀ ፈረስ እንዳልገባ ይቆጠራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ቴቪስ የሚባል የ160 ኪሎ ሜትር ግልቢያ አለ። ቀድመው ከጨረሱት 10 ፈረሶች መካከል ጤናው ከሁሉም ለተሻለው ራሱን የቻለ ዋንጫ ይሰጠዋል። የስፖርቱ ጠባይ ይኸው ነው።

«የዓረብ ፈረስ ከሌለህ አትድከም።» በትልልቁ ውድድር ዓረቦቹ እንደሚበዙ እውነት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 30 ኪሎ ሜትሮች ግን የማያነክስ፣ ጀርባው ያልቆሰለ ፈረስ ይበቃል። ባለፈው የዓረብ ፈረስ አስመጣልኝ ያለኝ ልጅ ኮርቻ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ላብ ላይ ነው፣ ውሃ አታጠጣው።» ይኼን ስሰማ ጥርሴን ነው የምነክሰው። ባለ ጋሪው ይለዋል፤ ፈረስ ነክቶ የማያውቀው የባጃጅ ሹፌርም ይለዋል። ምክንያቱን ብትጠይቅ አንዱ «ሆዱን ይቆርጠዋል»፣ ሌላው «ሳንባው ይገባል»፣ ሦስተኛው «እግሩ ይታሰራል» ይልሃል። ሦስት ሰው፣ ሦስት በሽታ፣ አንድ ባልዲ ውሃ።

እኔም አምኜው ነበር። ተማሪ ሳለሁ የአጎቴን ዳማ ፈረስ ይዤ ከሻሸመኔ ስመለስ፣ ጥቁር ውሃ ድልድይ ጋ አንገቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ከኮርቻው ሥር ላቡ አረፋ ሠርቶ ይወርዳል። «ሲበርድለት ይጠጣል» ብዬ ልጓሙን ሳብኩት። ሁለቴ ሞከረ፣ ሁለቴም ከለከልኩት። ቤት ገብቶ ካረፈ በኋላ ባልዲ ሙሉ ሳቀርብለት አሸተተውና ፊቱን አዞረ። «አልጠማውም» አልኩ፣ እንደ አዋቂ። በማግስቱ አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጬ ስለቀው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ። ፋንድያው ደርቋል፣ ዞር እያለ ሆዱን ያያል፣ መሬቱን በኮቴው ይቧጥጣል። በአፍንጫው በገባ ቱቦ ውሃ ተሰጥቶት ነው የተረፈው። አጎቴ ለወራት አላናገረኝም፤ እውነቱን ነው።

ለምን እምቢ አለ? የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ጨው ያነሰው ነው። ስናልብ ውሃው ይበልጥ ይወጣና ደማችን ውስጥ የቀረው ጨው ይበረታል፤ የሚያስጠማን እሱ ነው። የፈረስ ላብ ግን እንደ ደሙ፣ አንዳንዴም ከደሙ በላይ ጨዋማ ነው። ውሃና ጨው እኩል ተያይዘው ስለሚወጡ ሰውነቱ መድረቁን ቶሎ አይነቃም። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በሰዓት 10 ሊትር እና ከዚያ በላይ ሊያልብ ይችላል። ያን ያህል አጥቶም ባልዲ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ራሱ ወደ ውሃ ባዘነበለበት ሰዓት ልጓሙን አላላለት፣ ይጠጣ፣ ከዚያ በእርምጃ ጉዞህን ቀጥል። አልቅት ከፈራህ ባልዲ ያዝ። ማታ መኖው ላይ ተራ የገበታ ጨው ጣል አድርግለት፣ አጠገቡ ግን ውሃ ይኑር፤ ያለ ውሃ ጨው መስጠት ከምንም የከፋ ነው።

የዚሁ ወንድም የሆነ ሌላ ወሬ አለ፤ «ትኩስ ገላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጡንቻ ያስራል» የሚል። ከ1996ቱ እ.ኤ.አ. የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት፣ የከተማው ሙቀትና ወበቅ ፈረሶቹን እንዳይጎዳ ተመራማሪዎች ይኼንኑ ፈትሸውታል። ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰበት በመሀሉ የሚራመድ ፈረስ ቶሎ በረደ፣ ጡንቻውም አልታሰረም። በብዙ የረጅም ርቀት ውድድር የእረፍቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የልብ ምቱ ሲወርድ ነው፤ ውሃ የፈራ ጋላቢ እዚያ ቆሞ ሰዓቱን ይበላል።

«ገብስ ጠግቦ ካልበላ ጉልበት ከየት ያመጣል?» ከሣር። የፈረስ ትልቁ አንጀት ሣሩን ሲያብላላ ጉልበት ይሰጠዋል፣ መንገድ ላይ የሚጠቀምበትን ውሃም ይዞለት ይቆያል። ሆድ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ በአንዴ የተደፋለት ገብስ ነው፤ ወቀሳው ግን ለውሃው ይደርሳል።

«ወርዶ መሄድ ነውር ነው።» አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ወርዶ ከፈረሱ ጎን መሮጥ የተፈቀደ ነው፣ ጎበዞቹም ያደርጉታል። ደግሞ ራስህን ተመዘን። አንተና ኮርቻህ አንድ ላይ የፈረሱን ክብደት 20 በመቶ ባታልፉ ይመረጣል፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 60 ኪሎ ማለት ነው። የእኛ አገር ፈረስ ደግሞ ትንሽ ነው።

«ውርንጭላ ሳለ ጀምረው፣ አጥንቱ ይለምዳል።» የጀርባ አጥንቱ አድጎ የሚጨርሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በቃ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። የመጀመሪያዎቹን ወራት በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአስፋልት ወርዶ አፈር ላይ። ልብና ሳንባ በጥቂት ወራት ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ከዓመት በላይ ይፈልጋሉ፣ ፈረሱ ደህና መስሎህ የምትሰብረው በዚህ መሀል ነው። ሽምጥ አያስፈልግህም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ኮርቻውን አውርደህ ጀርባውን በመዳፍህ ዳብስ፤ የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ነገ አትጫነው።

የልብ ምት መቁጠር ደግሞ ከሁሉ በፊት ልመድ። ግራ ክንዱ ከደረቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ከክርኑ ኋላ መዳፍህን ወይም ማዳመጫ አስጠጋ። ለ15 ሰከንድ ቁጠርና በአራት አባዛ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። በዓለም አቀፍ ውድድር ለማለፍ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው 64 ወይም ከዚያ በታች ነው፤ 64 በ15 ሰከንድ 16 ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያ የዓረብ ፈረስ የጠየቀኝ ልጅ ቆጥሮ «ዶክተር፣ 22» አለኝ። ፈረሱ ራሱን ወደ ባልዲው እየሰደደ ነው፣ ልጁ ደግሞ ገመዱን ይዞ ፊቴን ያያል። አንድ ባለ ጋሪ ከመንገዱ ማዶ «ላብ ላይ ነው፣ እንዳታጠጡት!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ገመዱን ለቀቀው። ባልዲው ሲያልቅ እንደገና ቆጠረ፤ 17።