የአረር «ልክ» ምንድን ነው?

አንድ ሰው «አሮጌው ጠመንጃዬ ጥይት ይበትናል» ባለ ቁጥር መልሱ ዝግጁ ነው። «አረሩ፣ ማለትም ከጠመንጃው የሚወጣው እርሳስ፣ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ጨምርበትና ልኩን ይይዛል።» ሰሞኑንም ይኸው ተባለ። አይ ወንድሜ! አንቲሞኒ የሚጨምረው ጥንካሬ ነው። ልክ ማለት ውፍረት ነው።

አቅልጠን በቅርጽ የምናፈሰው አረር በአፈሙዙ ውስጥ በተቆረጡት ጠመዝማዛ ቦዮች ከግርጌ እስከ ግርጌ ካለው ስፋት ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ወፈር ማለት አለበት። ከቀጠነ የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ሲያልፍም እርሳሱን ይልጠውና አፈሙዙ ውስጥ ይለጥፈዋል። ቀጣዩ አረር በዚያ ላይ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ዒላማውን እርሱት።

ጫማ ሰፍቶት ተረከዙ የተላጠ ሰው «ቆዳህ ለስላሳ ስለሆነ ነው» ይባላል? ቁጥሩን ቀይር ነው የሚባለው። ጠመንጃው ላይ የተጻፈው ቁጥርም እንደ ጫማ ቁጥር ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 የሌላው 43 ነው። መቶ ዓመት የተተኮሰበትማ ጭራሽ ሰፍቷል። የድሮ ሰዎች አረሩን በወረቀት ይጠቀልሉ ነበር። ካልሲ መደረብ በሉት።

ለስላሳነት እንዲያውም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ፈረንሳዊው ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ1849 እ.ኤ.አ. የሠራው አረር ከአፈሙዙ ቀጠን ያለ ነበር። ግርጌው ባዶ ስለሆነ ጋዙ ሲገፋው ይነፋና ቦዮቹን ይሞላል። በጣም የጠነከረ አረር ግን አይነፋም። ቀጭንም ጠንካራም ከሆነ ከሁለት ያጣ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከአፈሙዙ ትንሽ የሚወፍር ንጹሕ እርሳስ ዘይት ቀብታችሁ በዘንግ ግፉት። ሲወጣ ሰፊውን ጎኑን ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለኩት፤ የቦዮቹ ስፋት እሱ ነው። (እርሳስ መርዝ ነው። ማቅለጥ አየር ባለበት ቦታ፣ እጅ መታጠብም ከምግብ በፊት።)

አረሩ ወፍሮ ጥይቱ አልጎርስ ካለ ግን በጉልበት አትግፉት። ባሩዱንና አረሩን የያዘው ቀለህ አፉ ከፈት ብሎ አረሩን የሚለቅበት ቦታ ካጣ ግፊቱ ይንራል። ያን ግፊት ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ የድሮ ብረት አይችለውም።