ተፈናቃይና ስደተኛ በባሕር ዳር፦ ከመጠለያ እስከ እድር

ይህን የጻፍኩት ስለ ጉዳዩ አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነገር ስላጣሁ ነው። ሪፖርት ሞልቷል። ግን አንዱ ስለ ስንዴ ብቻ፣ ሌላው ስለ ድንኳን ብቻ ያወራል። እኔ በእጄ ያሉት አዋጆቹ፣ ባለፉት ዓመታት የተከታተልኩት ዜና እና የሰፈሬ እድር መዝገብ ናቸው። ስለዚህ የቅርቡ ዘመን ይሰፋል፣ የድሮው ይጠባል። ለእድሩ ካደላሁ ደግሞ አትገረሙ፤ አባል ነኝ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ስደተኛ ነው። እዚሁ አገሩ ውስጥ ከቀየው የተነቀለው ተፈናቃይ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁለቱንም «ስደተኛ» ሲሏቸው ትሰማላችሁ፤ ሕጉ ግን ለየብቻ ያያቸዋል። ስደተኛው የፌዴራሉ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጉዳይ ነው። ተፈናቃዩን የሚይዘው የክልሉ የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው፣ ዋና ቢሮውም ባሕር ዳር ነው። ከተማችን ውስጥ በብዛት የምታገኙት ተፈናቃዩን ነው። የስደተኛ ጣቢያዎቹ ከጎንደር ወዲያ ናቸው።

ሐይቁና የድሮው መሸሸጊያ

ጣና የሸሸ ሰው ሲያስጠጋ የኖረ ሐይቅ ነው። በጣና ቂርቆስ ገዳም ትውፊት እመቤታችን ከግብፅ ስደት ስትመለስ በደሴቲቱ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ተቀምጣለች። ታቦተ ጽዮንም አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት እዚያ ነበረች ይባላል። የታሪክ ሰዎች ሁለቱንም በትውፊትነት ይይዟቸዋል፤ የገዳሙ አባቶች ግን ሲናገሩት ትላንት እንደሆነ ነገር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ መሻገራቸው ግን የታወቀ ነው።

ከተማዋ ራሷ የመጤ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ሲከፈቱ ሠራተኛውም ተማሪውም ከየአገሩ መጣ። ዛሬ «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» የሚለውን አያቱን ጠይቁት፣ ከሌላ ቦታ ይጀምርላችኋል። ከብዙዎቻችን ቀድመው ሐይቁ ዳር የነበሩት፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የሚገርመው እነሱን ነው ከተማው ለረጅም ጊዜ እንደ ባዳ ሲያይ የኖረው። እንግዳ ተቀባይ ነን ስንል ይቺን ባንረሳ ጥሩ ነው።

በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደርግ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንስቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በጋምቤላና በመተከል አሰፈረ። ለዚህ ጉዳይ ከዚያ ዘመን ይቺ አንዲት ነገር ትበቃለች። ምክንያቱም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረዱት ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። «ወደ ክልላችሁ ሂዱ» ተብለው ነው የመጡት። ክልላችሁ የተባለውን ግን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም።

ከ2010 ወዲህ

በ2010 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን የተፈናቀሉ አማሮች ባሕር ዳር ገቡ። ያኔ ነገሩ ለከተማው አዲስ ነበር። ሰው ቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ። ወጣቱ በየካፌው ካርቶን ይዞ ለመነ። «ለጊዜው ነው፣ ይመለሳሉ» ይባል ነበር።

አልሆነም። ቀጥሎ መተከል መጣ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። የተረፈው ሕዝብ ወደ አዊ ዞን ፈሰሰ፤ ቻግኒ አጠገብ ያለው ራንች የተባለው መጠለያ ሞልቶ ተረፈ። ዘመድ ያለው፣ ወይም መሳፈሪያ ያገኘው፣ ወደ ባሕር ዳር ዘለቀ።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ክልሉ ገባ። ከሰሜን ወሎ፣ ከዋግ ኽምራ፣ ከጎንደር ወገን የሸሸው ሁሉ ተጨመረ። እኔ የማስታውሰው የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶችን ነው። ክረምት ስለነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማን እጅ እንደጻፈው ሳይታወቅ የስልክ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ «እናቴን ያያችሁ በዚህ ደውሉ» የሚል ይገኝበታል። መስከረም ሲመጣ ተማሪው ክፍሉን ይፈልጋል፣ እንግዳው ደግሞ መሄጃ የለውም። ይህ ፍጥጫ በየከተማው ነበር። የተፈታውም በየቦታው እንደየርእሰ መምህሩ ዘዴ ነው።

ከዚያ ወለጋ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ከወለጋ የሸሸው ሕዝብ አብዛኛው ደብረ ብርሃን ነው የሰፈረው፤ ሌላው ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አጠገብና ጃራ። ባሕር ዳር የደረሳት ድርሻ ከነዚያ ያንሳል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ከተማው አጠገብ ባለው ዘንዘልማ መጠለያ ውስጥ ከነበረው ይልቅ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ የተበተነው ይበዛል ብዬ አስባለሁ። ይሄኛውን ደግሞ ማንም በደንብ አይቆጥረውም። ድንኳን ውስጥ ያልሆነ ተፈናቃይ ከሩቅ ሲያዩት ተከራይ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ከረመ፣ እርዳታ ይቆራረጣል። አቀባበሉ ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀጭን ሆኗል። ሰው ልቡ ጠቦ አይደለም፣ ኪሱ ነው የጠበበው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ስንት እንደገባ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስደተኛው

ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ የምታስተናግድ አገር ናት። እ.ኤ.አ. የ1951ዱን ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ጥሩ ሕግ ነው ብል አላፍርም። ስደተኛ እንዲሠራ፣ እንዲማር፣ እንዲንቀሳቀስ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ ልደቱና ጋብቻው እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። መሬት ላይ የሥራ ፈቃዱ ይጎተታል።

በእኛ ክልል ሁለት ቡድኖች ናቸው ያሉት። ኤርትራውያኑ ትግራይ ውስጥ ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ ከሚባሉት ጣቢያዎች ወጥተው ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ የሰፈሩት ናቸው። ሱዳናውያኑ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ የገቡት። ኩመርና አውላላ በተባሉ ጣቢያዎች ተቀመጡ። ግን ዘረፋና ጥቃት ስለበዛባቸው በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ በርካቶች ጣቢያውን ጥለው በእግር ወጡ። በኋላ አፍጥጥ የተባለ ሌላ ጣቢያ ተዘጋጀ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ አይደለም። የመተማ ሕዝብ ድንበር ላይ ውኃና እንጀራ ይዞ መቆሙም እውነት ነው፣ ጫካ ውስጥ የተዘረፉትም እውነታቸውን ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሱዳናዊ ቤተሰብ አልፎ አልፎ ታገኛላችሁ። ሕክምና የመጣ፣ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ያረፈ። አረብኛ የሚችል ሰው ከተፈለገ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከመስጊድ ነው።

መሸኛ የሚባል ነገር

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ስደተኛ ቢያንስ ሲመዘገብ ወረቀት ይሰጠዋል። ተፈናቃዩ ዜጋ ነው፣ በሕግ ሁሉም መብት አለው። ኢትዮጵያ ስለ ተፈናቃዮች የወጣውን የአፍሪካ የካምፓላ ስምምነት በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1187 አጽድቃለች፤ መንግሥት ለተፈናቃይ የጠፋበትን ሰነድ መተካት እንዳለበት ስምምነቱ ይላል። ቀበሌ ስትሄዱ ግን የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መሸኛ።

መሸኛ ማለት ከነበርክበት ቀበሌ «ይህ ሰው ነዋሪያችን ነበር፣ ሸኝተነዋል» የሚል ደብዳቤ ነው። ያለሱ አዲስ የነዋሪነት መታወቂያ አይወጣም። አሁን አስቡት። ቤቱ ተቃጥሎ በሌሊት የሸሸ ሰው ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ ሸኙኝ ይበል? አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ሲጠየቁ አጠገባቸው ነበርኩ። «ልጄ፣ የሸኘኝ ጥይት ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ «እማማ እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ አይቀበልም» አለች። የእሷም እውነቷን ነው።

መውጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ማቅረብና ከመጠለያ ኮሚቴ ደብዳቤ ማጻፍ ነው። አንዱ ቀበሌ ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም። መታወቂያ ከሌለ ሲም ካርድ ያስቸግራል፣ ባንክ ያስቸግራል፣ የኪራይ ውል አይጻፍም፣ ኬላ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ትንሽ ቀለል ብሏል፤ ስደተኞችንም ማካተት ተጀምሯል።

ሥራና ትምህርት

የመጣው ሰው አብዛኛው ገበሬ ነው። በቆሎና ማሽላ ያመርት የነበረ፣ በሬ የነበረው። ከተማ ሲገባ ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው። ወንዱ ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ ይቆማል፤ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ድንጋይ ይፈልጣል። ሴቶቹ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ትንሽ ገንዘብ ከያዙ ጀበና አውጥተው ቡና ይሸጣሉ። ከኔ ልምድ ፈጥነው የቆሙት ሴቶቹ ናቸው።

ስለ ልጆቹ የማይወራ አንድ ነገር አለ። ከወለጋ ከመጡት ውስጥ በኦሮምኛ የተማሩ አሉ። ቤት አማርኛ ይናገራሉ፣ ማንበብና መጻፍ የለመዱት ግን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ጓደኞቹ ይስቁበታል። አንዱን ልጅ ሂሳብ ሳስጠናው ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን ይነግረኛል፤ ራሱ አንብብ ስለው ግን ጣቱን «ጸ» ላይ አድርጎ ዝም ይላል። መምህራን ይህን ካላወቁ «ደካማ ተማሪ» ብለው ነው የሚያልፉት።

እድሩ

እርዳታ ሰውን ያቆየዋል። የሰፈር ሰው የሚያደርገው ግን እድር ነው፣ በኔ አስተያየት። እድር የሌለው ሰው ቢሞት ማን ያለቅስለታል፣ ማን ይቆፍርለታል፣ ድንኳኑስ?

ችግሩ መግቢያው ነው። የቆየ እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ባንክ ያለው ገንዘብ አለው። አዲስ ገቢ የነዚህን ድርሻ እንዲከፍል ይጠየቃል። ይህ ደግሞ የቀን ሠራተኛ በወር ከሚያገኘው ይበልጣል። ተፈናቃዩ ወርሃዊውን መዋጮ ይችላል፣ መግቢያውን አይችልም።

በኛ ሰፈር ነገሩን የቀየረው አንድ ለቅሶ ነው። ከመተከል የመጡ ሽማግሌ በተከራዩበት ክፍል ሌሊት አረፉ። እድር የላቸውም። ጠዋት የግቢው በር ላይ ሦስት ሰው ቆሟል፣ በቃ። ጸሐፊያችን ቁልፉን ይዞ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። አንዱ «ደንቡ ለአባል ብቻ ነው የሚለው» አለ። ሌላው «ደንቡን ማን ጻፈው? እኛ አይደለን?» አለው። ሲከራከሩ አንዲት አሮጊት የእድሩ አባል ምንም ሳይናገሩ ገብተው አግዳሚ ወንበሩን በአንድ ጫፍ ያዙት። ሌላውን ጫፍ መያዝ የግድ ሆነ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሰው ወጣ።

በቀጣዩ ወር ስብሰባ ደንቡ ተሻሻለ። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው መግቢያውን በሁለት ዓመት ከፋፍሎ ይከፍላል፤ መብቱ ግን ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል። ሁሉም ደስ አላለውም፣ ሁለት አባላት ወጥተው ሌላ እድር ገቡ። ሌሎች እድሮችም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል፤ የኛ ቀዳሚ ነበር ይባላል፣ እኔም አልከራከርም። የሟቹ ልጅ ዛሬ ጥሩምባ ነፊያችን ነው። ድምፁ ከቀድሞው ይሻላል።

ለመርዳት ለሚፈልግ

አሮጌ ልብስ በዝቷል፣ ይብቃ። የመጀመሪያውን የሁለት ወር ኪራይ መሸፈን የበለጠ ይረዳል፤ አከራይ ቅድሚያ ስለሚጠይቅ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ደላላ ከማስገባት ራሳችሁ አፈላልጉላቸው። ቀበሌ ምስክር ሆኖ መቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መታወቂያችሁን ግን አትርሱ፣ እኔ ረስቼ ተመልሼ አውቃለሁ። ንብረት ወይም ጉዳት ነክ ክርክር ያለበትን ሰው ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት መላክ ይቻላል። የልጆች ምዝገባን በተመለከተ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀድሞ መሄድ ነው። ካርድ የሌለው ልጅ የምደባ ፈተና ሊሰጠው ይችላል፣ ፈተናው ደግሞ በአማርኛ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ ፊደል ያስጠኑት።