ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜን ሸዋ የተመለሱ ሰዎች በየአጥቢያችን አሉ። አንዱ እናቱ ታማበት ነው። አንዷ አባቷ ብቻውን ቀርቶባት ነው። ሌላው የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላላውስ ብሎት፣ "ከዘመድ አጠገብ ብሆን ይሻለኛል" ብሎ ነው። ዓረብ ሀገር ሠርታ ቤተሰቧን ስትረዳ ኖራ የገባችም አለች። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረው፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈው ደብረ ብርሃን ሲወርዱ ብርዱን ያውቁታል፤ ለብርዱ ጋቢ አለ። የሚከብዳቸው የሰው ዓይን ነው። "ለበዓል ነው የመጣኸው? መቼ ነው የምትመለሰው?" ይህች ጥያቄ ሰው ከቅዳሴ ታስቀራለች። ጠያቂው በቅንነት ነው የሚጠይቀው። ለተመለሰው ሰው ግን ቁስሉ ላይ ታርፋለች።

እነዚህን ወገኖቼን አስቤ መጽሐፈ ሩትን ደግሜ አነበብኩ። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ኑኃሚን ከቤተ ልሔም የወጣችው በረሃብ ዘመን ነው። ባሏና ሁለት ወንዶች ልጆቿ አብረዋት ነበሩ። ሞዓብ ምድር ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ሦስቱንም እዚያው ቀበረች። ከዚያ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደ ጎበኘና እህል እንደ ሰጣቸው ሰማች፤ ተነሥታም ወደ ሀገሯ ገባች። ከተማው በወሬ ተናወጠ። ሴቶቹ "ኑኃሚን ይህች ናትን?" ተባባሉ። እርሷም አልተደበቀችም። ሞልታ እንደ ወጣች፣ እግዚአብሔር ግን ባዶዋን እንደ መለሳት በአደባባይ ተናገረች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጽሐፉ ስለዚህ ንግግሯ አይወቅሳትም። እግዚአብሔርም አልተቆጣትም። እኛ ብንሆን ኖሮ "ኧረ ተይ፣ ተመስገን በይ!" ብለን አፏን እናስይዛት ነበር። ተመስገን ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ያዘነ ሰው ዝም ማሰኛ መሆን የለበትም። ዳዊት የሚደግም ሰው ያውቀዋል፣ መዝሙሩ ውስጥ ስንት እሮሮ አለ። ተመላሹ ሰው ያጣውን ሥራ፣ የቀረውን ትዳር፣ የባከነውን ዕድሜ ይናገር። እንባውም ይፍሰስ። እግዚአብሔር ፊት የሚፈስ እንባ ጸሎት ነው።

ታዲያ ኑኃሚን "ባዶዬን" ስትል ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር። "የምትሄጂበት እሄዳለሁ" ያለቻት ምራቷ አጠገቧ እያለች ነው እንዲህ ያለችው። ሐዘን እንዲህ ነው፣ የቀረውን አያስቆጥርም። ምዕራፉ ደግሞ እንዴት እንደሚያልቅ ተመልከቱ፤ ቤተ ልሔም የደረሱት የገብስ መከር ሲጀመር ነው (ሩት 1፥22)። የገብስ ሀገር ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ አያልፈውም። መንዝም ሆነ ባሶና ወራና፣ ገብሱ ውርጭ ሳይመታው ደርሶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲታጨድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። በሶው አለ፣ ቆሎው አለ፣ ቅንጬው አለ። ኑኃሚን ባዶዬን ነኝ ባለችበት ቀን ማሳው ለአጨዳ ደርሶ ነበር። እርሷ አልዘራችውም። እግዚአብሔር ቀድሟት ነበር።

ግን ያ ገብስ ቤቷ ድረስ ተጭኖ አልመጣላትም። ሩት ወጥታ መቃረም ነበረባት። ሕጉ ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ድረስ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም፣ ለድሃና ለእንግዳ እንዲተው ያዝዛል (ዘሌ 19፥9-10)። ሩት ከአጫጆች ኋላ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ዛላ ስትለቅም ዋለች። ቀትር ላይ የማሳው ባለቤት ቦዔዝ የተጠበሰ እሸት ሰጣት። በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈች። ማታ የቃረመችውን ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ወጣው። እርሱን ተሸክማ ገባች፤ ከምሳዋ የተረፈችውንም እሸት አውጥታ ለአማቷ ሰጠች። ይህች እሸት ሁልጊዜ ልቤን ትነካኛለች። ገና የራሷ ኑሮ ሳይቆም፣ ከአፏ ቀንሳ ለእናቷ ይዛ የገባች ልጅ!

ቃርሚያ የድሃ ሥራ ነው። ሰው እያየ ይሠራል። ዲግሪውን ይዞ የአባቱን እርሻ የሚያግዝ ልጅ፣ ፋብሪካ በቀን ሠራተኝነት የገባ፣ በር ላይ ሻይና አንባሻ የምትሸጥ እኅት፣ እነዚህ ሁሉ በሩት ማሳ ውስጥ ናቸው። አብሮ አደግ እያየ ከታች መጀመር ያማል። ሆኖም ቦዔዝ ሩትን ያከበራት ከቃረመችው ብዛት ተነሥቶ አይደለም። ለአማቷ ያደረገችውን ሁሉ ሰምቶ ነበር። ሀገር ቤት ወሬ ቶሎ ይደርሳል እያልን እናማርራለን፤ እናቱን የሚጦር ልጅ ወሬም እኮ ይደርሳል።

የራሳችንን ምድር ጻድቅም እናስብ። አባታችን ተክለ ሃይማኖት የሸዋ ልጅ ናቸው፣ የቡልጋ ዞረሬ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ፣ ኋላም ደብረ ዳሞ ቆይተው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ሲመለሱ ዛሬ የምናውቀው ትልቅ ገዳም አልጠበቃቸውም። የጀመሩት ደብረ አስቦ፣ ከዋሻ ነው። ደብረ ሊባኖስ የተባለው ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። ስትመለስ እዚያው የቀረች እኅት ታገኛለህ። አንተ ብር ስትልክ እርሷ ሌሊት ተነሥታ አባትህን ስታገላብጥ፣ አንሶላ ስትቀይር ነበር። በመጣህ በሳምንትህ "መድኃኒቱ እንዲህ አይሰጥም" ብትላት ታዝናለች፤ እውነቷን ነው። መጀመሪያ አመስግናት። ከዚያ "ዛሬ ሌሊት እኔ ልደር፣ አንቺ ተኚ" በላት። ለብዙ ቤት ሰላም የሚጀምረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

የመሬት ጉዳይም አለ። "ድርሻውን ሊጠይቅ ነው የመጣው" ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ብዙ ነው። ያዕቆብ ከላባ ቤት ሲመለስ እግዚአብሔር ራሱ "ወደ ዘመዶችህ ተመለስ፣ ከአንተ ጋር እሆናለሁ" ብሎት ነበር። እንደዚያም ሆኖ ለኤሳው እጅ መንሻ ከፊት ሰደደ፤ ወደ ወንድሙም ሲቀርብ ሰባት ጊዜ በምድር ላይ ሰገደ (ዘፍ 33፥3)። በረከቱ የእርሱ ነበር፤ የሰገደውም እርሱ ነው። ኤሳው ሮጦ አቀፈው፣ ተላቀሱ። ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው በሽማግሌ ከመካሰሱ በፊት ይህን ምዕራፍ ያንብብ።

የትውልድ ቀዬው ድረስ መግባት ያልቻለም አለ። አረጋዊው ዮሴፍ ሕፃኑን ጌታንና እናቱን ይዞ ከግብፅ ስደት ሲመለስ የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ በይሁዳ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድ ፈራ፣ ናዝሬትም ገባ። እግዚአብሔር በሕልም መራው እንጂ ለምን ፈራህ አላለውም። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉ ተፈናቃይ ወገኖቻችንም ወደ ቀዬአቸው የሚመለሱበትን ቀን ይናፍቃሉ። የወላጆቹን ደጃፍ ለመርገጥ የበቃ ሰው እነርሱን ይጎብኝ። የቃርሚያው ሕግ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የማሳው ዳር ለእነርሱም ይተውላቸው።

ሻንጣችሁን ገና ያልፈታችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት የአጥቢያችሁን አባት አግኟቸው፤ የንስሐ አባት ከሌላችሁም ያዙ። እድር ግቡ። "ልመለስ እችላለሁ" እያላችሁ ዳር ዳር አትበሉ፤ ቢያንስ ልቅሶ ድረሱ፣ የታመመ ጠይቁ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ያን ሰሞን ማታ ማታ መጽሐፈ ሩትን ለቤተሰቡ ሁሉ አንብቡላቸው። እናታችሁ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ስለ ገብሱ እርሳቸው የሚነግሯችሁ ብዙ አላቸው።